ሽጉጠኛው በማኅደር

በቤቴ ግድግዳ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ሰቅዬ፣ ኋላ ሰፈሩ ሁሉ ሲሳለመው ዝም ብዬ ያየሁ ሴት ነኝ። ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ ከመፍረዳችሁ በፊት ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እጄም እግሬም ቀስ ብለዋል። ይሄን ነገር ሳስታውስ ብቻ እጄ ይፈጥናል፤ ፊደል ከዘለልኩ ከደስታ ነውና እለፉኝ።

ባሌ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ሰቆጣ ውስጥ እሱ ያላስተማረው ሰው ካለ፣ ወይ ከእሱ የሚበልጥ ሽማግሌ ነው፣ ወይ ፍየል ነው። አንድ ዓመት ለትምህርት ቤቱ ከውጭ አገር አንድ ጆንያ መጽሐፍ በስጦታ መጣ። ከሒሳቡና ከሳይንሱ መካከል አንድ ቀጭን ባለሥዕል መጽሐፍ ተገኘ። ሽፋኑ ላይ አንድ ሰውዬ አለ። የፊቱ ቀኝ ጎን ሙሽራ ይመስላል፤ ግራው ግን እሳት በልቶት እንደ ደረቀ ወንዝ ተሰነጣጥቋል። በእጁ ሽጉጥ ይዟል። «ይሄ ልጆቹን ያባንናቸዋል» ተባለና ወደ ቆሻሻ ተጣለ። ባሌ ኮቱ ውስጥ ከትቶ ይዞት መጣ። በሕይወቱ የሰረቀው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም የሰረቀው ከቆሻሻ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በራችን ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ያንን መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለሰ በደብተር ይጽፍ ጀመር።

«በዚህ አስቀያሚ ሰውዬ ምንህ ተነካ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ክፉ አይደለም፣ ደግም አይደለም» አለኝ። «ክፉዎችን በክፉ መንገድ የሚያሳድድ ሰው ነው። ይሄኛው መጽሐፍ ደግሞ ገና ሲጀመር እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ነው የሚናገረው።»

«ታዲያ ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«አትቸኩይ እንጂ! ገና ስምንተኛው ገጽ ላይ ነኝ።»

እኔ ደግሞ ሳልቸኩል የተወለድኩ ሴት አይደለሁም። በሰባት ወሬ ነው የመጣሁት ይባላል። እሑድ እስኪደርስ ቀን እቆጥር ነበር። የጻፈውን ሲያነብልኝ እጄ ላይ ያለውን ሁሉ እረሳለሁ፤ ባለጠባሳው ሰውዬ ስንት ድስት ወጥ እንዳሳረረብኝ እኔና ድስቶቹ እናውቃለን። በሥዕሎቹ ውስጥ ሰዎቹ የሚናገሩት ነገር ከአፋቸው እንደ ጭስ በሚወጣ ነጭ ክብ ውስጥ ተጽፏል። ባሌ ያንን ክብ «ትንፋሽ» ይለው ነበር። «ዛሬ ስድስት ትንፋሽ ተረጎምኩ» ይለኛል፣ አሥር ጥማድ ያረሰ ያህል እየኮራ።

ከዚያ ታመመ፤ ነሐሴ ላይ ተለየኝ።

በቀብሩ ቀን ፊቴን ነጨሁ። ክልክል ነው። ሰፈራችን ያሉት የቅኔ መምህር፣ መሪጌታ ላቀው፣ በለቅሶው መካከል በመቋሚያቸው መሬቱን እየደበደቡ ተቆጥተውኛል። ጥፍር ግን ስብከት አይሰማም። በቀኝ ሁለት፣ በግራ ሦስት መስመር ቀረብኝ። የቤቴን መስታወት ወደ ግድግዳ አዞርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ፀጉሬን የምሸፍነው በዳበሳ ነው።

ሙት ዓመቱን ካወጣሁ በኋላ ደብተሩን ከፈትኩት። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ቁልፍ ሠሪውም ከሐኪም ቤት ወጥቶ ፊቱን በመስታወት ባየ ጊዜ፣»

ነጠላ ሰረዝ! ከዚያ በታች ባዶ ነው። እናንተዬ፣ ሰው በነጠላ ሰረዝ ላይ ይሞታል? ባየ ጊዜ ምን? አለቀሰ? ሳቀ? ዕቃ ሰበረ? ሥዕሉን ባየው ሰውዬው መስታወት ፊት ቆሟል፤ ከአፉ አንዲት ትንፋሽ ወጥታለች፤ በውስጧ ሰባት ቃል አለ። የእኔ እንግሊዝኛ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው። ሰላምታ እችላለሁ፣ የቀናት ስም እችላለሁ፤ ሰውዬው ሰኞን ማክሰኞን ካልጠራ በቀር ልረዳው አልችልም።

ቢሆንም ማልሁ። ይሄን ደብተር ሳልጨርስ አልሞትም አልኩ። የባሌን መዝገበ ቃላት አውጥቼ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ቃል ሦስት ቀን ፈጀችብኝ። ሰባተኛዋ ላይ ስደርስ ወሩ አልቋል። አንድ ጠዋት ሰባቱም ተገጣጥመው ትርጉማቸው ወለል አለልኝ። ብዕሬን አነሣሁ፤ ግን መጻፍ አቃተኝ። ለምን እንዳቃተኝ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጣሪያዬ ያፈስሳል፤ አይጡም አልቻለኝም። የመዝገበ ቃላቱን «ኤ» ሙሉውን በልቶታል። ለደብተሩና ለባለሥዕሉ መጽሐፍ ፈራሁ። የባሌ አባት ቄስ ነበሩ፤ መጽሐፋቸውን የሚይዙበት ማንገቻ ያለው የቆዳ ማኅደር ትተውልናል። መጽሐፉ ራሱ ድሮ ለቤተ ክርስቲያን ገብቷል፤ ማኅደሩ ባዶውን ነበር። ቆዳው ወፍራም፣ ክዳኑ ጥብቅ፤ አይጥ ጥርሷን ትሰብራለች እንጂ አትበሳውም። ሁለቱንም ከትቼ በግድግዳው ኩላብ ላይ ሰቀልኩት። በብልሃቴ ተደንቄ ለራሴ እጄን ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ።

እትዬ ዝማም ጎረቤቴ ናቸው፤ የጽዋ ማኅበራችንም ሙሴ፣ የማኅበሩ መሪ፣ እሳቸው ናቸው። ትውልዳቸው የእኛው የዋግ ዝቋላ ነው። እትዬ ዝማም በር አያንኳኩም። መጀመሪያ ይገባሉ፣ ከቤቱ መካከል ይቆማሉ፣ ከዚያ «ቤቶች!» ይላሉ። በዚያ ቀንም እንዲሁ ገብተው ቆሙና፣ ድምፃቸውን ሳያወጡ ዓይናቸው ኩላቡ ላይ ዋለ። ነጠላቸውን አስተካክለው ሄደው ማኅደሩን ግንባራቸውን አስነክተው ተሳለሙት።

እዚያው ላይ «እትዬ፣ ተዉ፣ እሱ አይደለም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ጥቁር የለበሰች ሴት ባለሥዕል መጽሐፍ ስታነብ ትውላለች መባልን ፈራሁ።

«የማን ገድል ነው?» አሉኝ።

«የአንድ… መከራ ያየ ሰው።»

«ምን አደረጉት?»

«አቃጠሉት።»

«እናቴ ድረሽ! በእሳት?»

«በእሳት።»

«ሞተ?»

«አልሞተም። ከእሳቱ ወጣ።»

እትዬ ዝማም ሁለተኛ ተሳለሙ። «ማን ነው ያቃጠለው?»

«አንድ ባለጠጋ።»

«ድሮስ! ከዚያስ ወዴት ሄደ?»

«ከሰው ተለይቶ፣ በሰባት ቁልፍ በሩን ቆልፎ ተቀመጠ።»

«በዓት ዘጋ በይኛ!»

እኔ አንድም ቃል አልዋሸሁም። ይሄን በፈጣሪ ፊት እደግመዋለሁ። እውነት ብቻ እየተናገርኩ ሽጉጠኛውን በስድስት ጥያቄ ሰማዕት አደረግሁት። ለመዋሸትም እኮ እንዲህ ያለ ችሎታ አይገኝም።

በሳምንቱ የእትዬ ዝማም ልጅ ጥሩዬ ምጥ ያዛት። ለመጀመሪያ ልጇ እናቷ ቤት መጥታ ነበር። እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ስመለስ ኩላቡ ባዶ ነው። ማኅደሩ የለም! ባሌ ዳግመኛ የሞተብኝ መሰለኝ። ዱቄቱን እዚያው ጥዬ ስወጣ የጎረቤት ሴት፣ «እትዬ ዝማም ለጥሩዬ ራስጌ ወስደውታል፣ ጤና ጣቢያ ናቸው» አለችኝ።

በባጃጅ በረርኩ። ሰቆጣ ዳገት ላይ ባጃጅ እንዴት እንደሚበር የተሳፈረበት ያውቃል፤ ግማሹን መንገድ እሱ ያዝላችኋል፣ ግማሹን እናንተ ትገፉታላችሁ። ስደርስ ነርሷ፣ «ኧረ ይሄን ቦርሳ ከትራሱ አንሡልኝ!» እያለች ከእትዬ ዝማም ጋር ትታገላለች። እትዬ ዝማምም «ቦርሳ? አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ተጉመጥመጪ!» ይሏታል። እኔ «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ» ብዬ አፌን ስከፍት የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ወንድ! እልልታው ጤና ጣቢያውን አናወጠው። እኔም እልል አልኩ። ምን ላድርግ? ሰው ሲወለድ እልል አልልም የሚል ጉሮሮ የለኝም።

ሲበርድላቸው እትዬ ዝማም አቀፉኝና በጆሮዬ፣ «ስለት ተስያለሁ» አሉኝ። «ልጄ በሰላም ከተገላገለች ይሄን ገድል ሐር አልብሼ ለቤተ ክርስቲያን አስገባለሁ ብያለሁ። ልጁም በዚሁ በሰማዕቱ ስም ክርስትና ይነሣል።»

የሰው መጽሐፍ ለራሳቸው ስለት! እኔ ዶሮ እንኳን የምሳለው ገዝቼ ነው። ግን ያዩት ደስታ ፊታቸው ላይ ተጽፏል፤ እሱን እንዴት ልሰርዘው? ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው። አርባ ቀን አለኝ ብዬ ተጽናናሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የገባ ነገር ተመልሶ እንደማይወጣ ደግሞ ማንም ያውቃል። ከአርባ ቀን በኋላ የባሌ ጽሕፈት፣ የቀረኝ የእጁ ምልክት፣ ከነነጠላ ሰረዙ ሊዘጋበት ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ስርቆት ነበር። እትዬ ዝማም ገበያ ሲወጡ ጠብቄ አራስ ጥየቃ ብዬ ገባሁ። ማኅደሩ ከጥሩዬ ራስጌ ተሰቅሏል፤ ቀይ ሐር ለብሷል፤ ያውም ዙሪያውን በመርፌ ተሰፍቷል! ከነሐሩ ላወርደው እጄን ስዘረጋ ጥሩዬ ዓይኗን ገለጠች።

«እቴዋ፣ ልታሺኝ ነው? ወገቤን እኮ እየቆረጠኝ ነው» አለች።

«አዎ፣ እመቤቴ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ሽጉጠኛውን ከነማኅደሩ ወገቧ ላይ አሳረፍኩት። ዓይኔንም ጨፈንኩ፣ ቅዱስ ለመምሰል ሳይሆን ከኀፍረት።

«ተወኝ!» አለች ጥሩዬ ትንሽ ቆይታ። «ኡፍ፣ ተወኝ!»

እስከ ማታ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። በማግስቱ አንዲት የጥርስ ሕመምተኛ፣ አንዲት እንቅልፍ ያጣች፣ አንድ ላም የጠፋበት ሰውዬ መጡ። ላሚቱ ተገኘች። እንዲህ ያለ ዕድል በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ሲገጥመኝ ደግሞ በእኔ ላይ ሆነ።

ሁለተኛው ሙከራዬ ንስሐ ነበር። መሪጌታ ላቀው ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አፍንጫቸው ጫፍ ካልደረሰ ምንም አያዩም።

«መሪጌታ፣ በዚያ ማኅደር ውስጥ ያለው ነገር…»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ያውቃሉ?»

«ብራና አይደለም፤ ወረቀት ነው። ሰምቻለሁ። ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው፤ በወረቀት ተጻፈ ብለን አንንቅም።»

«እሱ ብቻ አይደለም፣ መሪጌታ፤ ሥዕልም አለው።»

«ሥዕል ያለው ገድል ያምራል!» አሉና መረቁኝ። ተመርቄ ወጣሁ። ልትናዘዝ ሄዳ ተመርቃ የተመለሰች እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እንዲህ እያልኩ ሠላሳ ሦስት ቀን ሄደ። ክርስትናው ሳምንት ሲቀረው የጽዋው ተራ እትዬ ዝማም ቤት ደረሰ። ቤቱ ሞልቷል። መሪጌታ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ጸሎቱ ደረሰ፣ ጠላው ዞረ፣ ከዚያ እትዬ ዝማም ማኅደሩን አመጡና፣ «እንግዲህ መሪጌታ፣ ገድሉ ይነበብልን፤ የሰማዕቱን ስምም እንወቅ። ልጁ ስም እየጠበቀ ነው» አሉ። ስፌቱ በምላጭ ተቀደደ።

«ዓይኔ አይረዳኝም» አሉ መሪጌታ። «አንቺ አንብቢልን፣ ልጄ። የመምህር ሚስት ነሽ።»

ማኅደሩ ጭኔ ላይ ተቀመጠ። እጄ ሲገባ ሁለቱንም ነካ፤ የሚያንሸራትተውን ባለሥዕሉን፣ ሻካራውን ደብተር። ደብተሩን ብቻ አወጣሁ። የባሌን ጽሕፈት ካየሁት ሠላሳ ሦስት ቀኔ ነበር። «መ»ን ሲጽፍ ሁልጊዜ አንገቷን ያዘነብላታል። አነበብኩ።

«በአንዲት ታላቅ ከተማ አንድ ቁልፍ ሠሪ ነበር። እጁ ብልህ ነበረ፤ እርሱ የሠራውን ቁልፍ የሚከፍት ሌላ ሰው አልተገኘም።»

«እሰይ» አሉ ሴቶቹ። ባሌ ለቀልዱ ብሎ በቤተ ክህነት አማርኛ ነበር የጻፈው፤ ለካ እኔን ሊያስገድለኝ ኖሯል።

«አንድ ባለጠጋም፣ ማንም የማይከፍተው ቁልፍ ሥራልኝ አለው። በሠራለትም ጊዜ ባለጠጋው፣ ይህ ሰው ያበጀውን እርሱ ራሱ ይከፍተዋል ብሎ ፈራ። ስለዚህም ቁልፍ ሠሪውንና ሚስቱን በሱቃቸው ሳሉ፣ በዚያው ቁልፍ ከውጭ ቆልፎባቸው እሳት ለኮሰ።»

«በገዛ ቁልፉ!» አለች አንዷ ደረቷን ይዛ።

«መስኮት የለም እንዴ?» አሉ እትዬ ዝማም።

«ቆዩ እንጂ፣ እትዬ! ቁልፍ ሠሪውም መስኮቱን ሰብሮ ወጣ፤ ሚስቱንም ሊያወጣ እጁን ሲዘረጋ ጣሪያው ወደቀ። እርስዋ ሞተች። እሳቱም የፊቱን እኩሌታ በላ። ሦስት ወር በሐኪም ቤት ተኛ። አንድ ስንኳ ሊጠይቀው አልመጣም።»

እዚህ ላይ ቤቱ ተነሣ።

«ሦስት ወር? አንድ ሰው?»

«ብርቱካን እንኳን የያዘ?»

«ሚስቱንስ ማን ቀበረለት? ንፍሮ የቀቀለ የለም?»

«ዕድር የለውም እንዴ ሰውዬው?»

«ምን ያለ ሰፈር ነው? ስሙን ንገሪንና እንርገመው!»

እትዬ ዝማም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ቀጥዪ» አሉኝ።

«ቁልፍ ሠሪውም ከሐኪም ቤት ወጥቶ ፊቱን በመስታወት ባየ ጊዜ፣» አልኩና አቆምኩ።

«ባየ ጊዜ?» አሉ መሪጌታ።

«እዚህ ላይ ነው ባሌ የሞተው።»

ሕፃኑ ከጓዳ ሲጠባ ይሰማል። ያን ድምፅ ስሰማ፣ ያ ልጅ ዕድሜ ልኩን የሚጠራበትን ስም አሰብኩ፣ ከዚያ በኋላ አንደበቴን የሚይዘው ነገር ጠፋ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። ገድል እንዳልሆነ፣ ሰማዕት እንዳልሆነ፣ ማኅደሩን ለአይጥ ብዬ እንደተጠቀምኩበት፣ ሰውዬው በቀጣዩ ገጽ ላይ ሽጉጥ ገዝቶ ባለጠጋውን ሊገድል እንደሚወጣ።

እትዬ ዝማም ማኅደሩን ነጥቀው ባለሥዕሉን አወጡት። ሲከፍቱት የወጣላቸው ገጽ፣ ዕድሌ ነውና፣ ሰውዬው በሁለት እጁ ሁለት ሽጉጥ ይዞ በጥይት ጢስ መካከል የቆመበት ነው። እትዬ ዝማም ሲናደዱ ወደ አገራቸው ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣኛ፣ ይሻገራሉ። እኔ ኽምጣኛ የምሰማው ግማሹን ስለሆነ ከስድቡ ግማሹ አመለጠኝ። ሌላውን በአማርኛ ሰጡኝ።

«የልጅ ልጄን ሠላሳ ሦስት ቀን በሽፍታ ራስጌ አስተኛሽው! በሽፍታ አሳሸሽን! አንቺ የመምህር ሚስት! ጥሩዬስ ወገቧ የዳነው በምንድነው? በሽጉጥ ነው?»

«ላሜስ?» አለ ከበሩ የቆመው ባለላም።

በዚህ መካከል መሪጌታ ላቀው ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መስሎኝ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስነሣ ጥምጥማቸው ተፈታ። ይስቃሉ! እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ልጅቷን የገላገላት እግዚአብሔር ነው፤ ነርሷም ረድታለች» አሉ ሲበርድላቸው። «እስቲ ሰውዬውን አምጡት።»

መጽሐፉን አፍንጫቸው ላይ አስጠግተው ሽፋኑን አዩ፤ በጣታቸውም ዳበሱት። «ይሄ ጠባሳ… እሳት ነው ትያለሽ? ለእኔ ጥፍር ይመስለኛል።»

እትዬ ዝማም ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ያዙት። ሴቶቹ ከበቧቸው።

«ጥፍር ነው እንጂ» አሉ እትዬ ዝማም። «እሳት መስመር አያወጣም። ሚስቱን ሲያለቅስ ነጭቶት ነው። የያዘው የለማ፤ አጠገቡ ሰው ቢኖር እጁን ይይዝለት ነበር።» ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከእኔ ፊት ላይ አረፈ። ሌሎቹም አዩኝ። በባሌ ቀብር ቀን የእኔን እጅ ሊይዙ የታገሉት እትዬ ዝማም ነበሩ፤ እኔ ነኝ ያመለጥኳቸው።

«መስታወቱን አይቶ ምን አለ?» አሉኝ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«‹ከእኔ የተረፈ ምንም ነገር የለም› አለ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ይኸው፣ መጻፍ ያቃተኝ ለዚህ ነው። ትርጉሙን ያገኘሁት ጠዋት፣ ሰውዬው ሳይሆን እኔ የተናገርኩት መስሎኝ ነበር።

«ይዋሻል!» አሉ እትዬ ዝማም። መጽሐፉን በጥፊ መቱት፣ ልክ የሰውዬውን ጉንጭ። «ይሄ የቀኝ ጉንጩስ? ይሄ እጁስ? ሙያውስ? ቁልፍ መሥራት ረሳ? ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ የተረፈስ ሞልቶታል። ዕድር የሌለው ሰው ሽጉጥ ይገዛል፤ ምን ያድርግ!»

«የዚህ መጽሐፍ ምስጢር አለቀ» አሉ መሪጌታ፣ እንደገና እየሳቁ።

ከዚያ ፈረዱ። ልጁ በዕለቱ በሚውለው ቅዱስ ስም ክርስትና ይነሣል። ስለት በሰው ንብረት አይሳልም፤ ግን የተሳለ አፍ ባዶውን አይመለስም። ስለዚህ ማኅደሩ፣ ጥንትም የቅዱስ መጽሐፍ ማደሪያ ነበርና፣ ለቤተ ክርስቲያን ይገባል። ሰውዬው ለእኔ ይመለሳል። ሐሩስ? እትዬ ዝማም፣ «አንድ ጊዜ የለበሰውን አላስወልቀውም፤ እሱም አበሳውን አይቷል» አሉ። ይኸው አሁን ሽጉጠኛው በቤቴ ቀይ ሐር ለብሶ ተቀምጧል። አይጦቹ እስካሁን አልደፈሩትም።

በማግስቱ እትዬ ዝማም ገቡ፣ ከቤቱ መካከል ቆሙ፣ «ቤቶች!» አሉ። መልስ ሳይጠብቁ ወደ ግድግዳው ሄደው መስታወቱን ገለበጡት፣ በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉለትና ወጡ። እኔም ቆሜ አየሁ። በቀኝ ሁለት፣ በግራ ሦስት። ካሰብኩት ቀጥነዋል። ነጠላዬ ደግሞ ስንት ጊዜ ተዛንፎ ወጥቼ ኖሯል!

ከዚያ ተቀምጬ ብዕሬን አነሣሁ። ሰባቱን ቃል ባሌ እንደሚወደው በታማኝነት ተረጎምኩ። የቀረውን በታማኝነት ተረጎምኩ ለማለት አልደፍርም፤ አንባቢ ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቶ እንዳይታዘበኝ እዚሁ ልናዘዝ። ደብተሩ አሁን የሚያልቀው እንዲህ ነው፦

«ቁልፍ ሠሪውም ከሐኪም ቤት ወጥቶ ፊቱን በመስታወት ባየ ጊዜ፣ ‹ከእኔ የተረፈ ምንም ነገር የለም› አለ። በሩንም ሰባት ጊዜ ቆለፈ። ሽጉጡንም ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። በዚያን ጊዜ ከኋላው፣ ‹ቤቶች!› የሚል ድምፅ ሰማ። ዘወር ቢል፣ አንዲት ሴት ንፍሮ ይዘው ከቤቱ መካከል ቆመዋል። ሰባቱም ቁልፎች እንደ ተቆለፉ ነበሩ። ሴትዮዋም፣ ‹ያንን አስቀምጥና ብላ› አሉት።»

ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ገጽ ሥዕል ይቀራል። ሰውዬው ሊበላ ስለተቀመጠ ታሪኩ ሊቀጥል አልቻለም። ሽጉጡ የት ደረሰ የሚል ካለ ግን እኔን አይጠይቀኝ፤ እትዬ ዝማምን ይጠይቅ።